አምባ ጊዮርጊስ ጓሮ ውስጥ ያየሁት ኮት

ያን ቀን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሃል አንድ ጥቅል ጎመን አይቼ እግሬ ተተከለ... የሰው ራስ ያክላል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ። ከጎንደር የሄድኩት ለአክስቴ ባል ተዝካር ነበር። ጎመኑን ሳይ ግን ተዝካሩንም ዘመዱንም ረሳሁት። እኔ እኮ ጓሮዬ ውስጥ ምንም ማብቀል ያቃተኝ ሴት ነኝ።

ባሌ አለሙ ሹፌር ነው፤ ከጎንደር አስመራ የጭነት ማኪና ይነዳል። ከተጋባን ቆይተናል፤ ልጅ ግን አልወለድኩም። ዘመዶቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ አንድ ቀን ከአስመራ የአትክልት ዘር ይዞልኝ መጣ። «ጊዜ ማሳለፊያ ይሁንሽ» አለኝ።

ለእኔ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ከለመለመ ቤቱን የሚወደው፣ ቶሎ ቶሎ የሚመለስ መሰለኝ።

መጀመሪያ ካሮት ዘራሁ። ዘሩን በጣም አጥልቄ ቀብሬው ኖሮ አንዱም ብቅ አላለም። ቲማቲሙን ትኩስ ፋንድያ አልብሼ አቃጠልኩት። የኮክ ችግኝ ተከልኩ፤ የሰው ፍየል ገብታ እስከ ግንዱ ጋጠችው። ጎመኑ አንዴ በቅሎልኝ እልል ልል ስል፣ ጠዋት ብወጣ ትል ከሥሩ ቆራርጦ አጋድሞታል። ውሃውን ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በጀርባዬ ነው የማመላልሰው።

ጎረቤታችን አያ ታከለ በአጥሩ አሻግረው ያዩኝና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«አያ፣ ምነው አልበቅል አለኝ?»

«ምኑ ይብቀል ልጄ! ጣሊያን ማኪናውን ሲጠግንበት የኖረ መሬት እኮ ነው። ዘይት ጠጥቷል። ተይው ይቅርብሽ።»

አልተውኩትም። አለሙ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ምክር ይዞልኝ ይመጣ ነበር። «ፋንድያው ይክረም፣ ትኩሱን አታድርጊ» ይለኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ከችግኙ ሥር አመድ ነስንሺበት፣ ትሉን ይከለክልልሻል» ይለኛል። ሹፌር ሰው ይህን ከየት ተማረው እያልኩ እገረማለሁ። ደስም ይለኛል... መንገድ ላይ ሆኖ እኔን የሚያስብ መሰለኛ! ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። እውነትም ትሉ ተወኝ፤ ጎመኑ ግን ቅጠሉን ዘርግቶ ቀረ እንጂ አልጠቀለለም።

ለዚህ ነው ገበያ ላይ ጎመኑን የምትሸጠውን ሴት ሳላናግራት ማለፍ ያቃተኝ። በእኔ ዕድሜ ናት፤ ሕፃን አዝላለች። ስሟ እማዋይሽ ነው።

«እህቴ፣ እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያሳመርሽው?»

«ነይ ላሳይሽ፤ ቤቴ እዚሁ ነው። ችግኝም አይጠፋም።»

ጓሮዋን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጎመኑ በመደዳ፣ ቀይ ሥሩ፣ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ... ቅናት አልነበረም፤ ለካ ይቻላል ብዬ ነው።

ጎንበስ ብላ ችግኝ ስትነቅልልኝ፣ መሃል ላይ የቆመውን የወፍ ማስፈራሪያ አየሁት። እንጨቱ ላይ አሮጌ ካኪ ኮት አልብሳዋለች። ክርኑ በሰማያዊ ጨርቅ ተጥፏል፤ ክሩ ግን ቀይ ነው።

ሌላ ክር አጥቼ በቀይ የጣፍኩት እኔ ነኝ። አለሙ ኮቱን «አስመራ ጠፋብኝ» ብሎኝ ነበር።

«ይህ ኮት... የማን ነው?»

«የባሌ ነዋ! አርጅቶ ሲጥለው ለወፎቹ አዋልኩት። ሹፌር ነው፣ የአስመራ መንገድ። ዘሩንም እሱ ነው የሚያመጣልኝ።» ሳቅ አለች። «ጎንደር አንዲት ዘመድ አለችው፤ ለሷም ይወስድላታል። ምስኪን፣ ምንም አይበቅልላትም። እኔም እንዲህ አድርጊ በላት እያልኩ ምክር እልክላታለሁ። ታውቂያት ይሆን?»

«አውቃታለሁ... ጎረቤቴ ናት።»

«ታዲያ አመዱ ጠቀማት?»

«ትሉ ተዋት።»

«እሰይ!» አለች፣ ከልቧ። ከልቧ መሆኑ ነው የገደለኝ። ሕፃኑ ከጀርባዋ ላይ ነቅቶ አየኝ... የአለሙ ግንባር፣ የአለሙ ጆሮ።

ችግኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሁለት እስር ሰጠችኝ። «አንዱን ለሷ ስጫት» አለችኝ።

ማኪና ላይ ተሳፍሬ ስመለስ ወርውሪው ወርውሪው አለኝ። አልወረወርኩትም። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቤቴ ስደርስ ሁለቱንም እስር ተከልኩት።

አለሙ በሳምንቱ መጣ። ግቢ ገብቶ ችግኙን ሲያይ ቆም አለ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአምባ ጊዮርጊስ። እማዋይሽ ሰጠችኝ።»

ይምላል፣ ይክዳል፣ ወይም ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ውሃ አጠጥተሽዋል?» አለኝ።

«አጠጥቻለሁ» አልኩት።

ቤት ገብቶ ተቀመጠ። እኔም እጁን አስታጠብኩትና እራቱን አቀረብኩለት። አባቴ ሞቷል፣ ልጅ የለኝም... የት እሄዳለሁ? ጠዋት ማኪናውን አስነስቶ ወደ አስመራ ሄደ። መንገድ ላይ የት እንደሚያድር ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድም ቀን ግን አንስተን ተነጋግረን አናውቅም።

ጎመኑ ደግሞ ጠቀለለ፣ ያውም ሸጋ ሆኖ! አያ ታከለ በአጥሩ አሻግረው አይተው መረቁኝ። ለእሳቸውና ለጎረቤቱ አከፋፈልኩት እንጂ እኔስ አልቀመስኩትም።

ትዳር ሲፈርስ ጩኸት ያለው ይመስለኝ ነበር።