የአባቴ ጠመንጃ የተሠራበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሰቆጣ የአሮጌ ጠመንጃ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። «አክስቴ፣ ጓደኛዬ ሊገዛው ነው። የት አገር፣ መቼ እንደተሠራ ታውቂያለሽ?» ይላል። ብረቱ ላይ የተቀረጹትን ፊደላት አጉልቼ ሳይ የአባቴ ጠመንጃ ትዝ አለኝ። ስልኩን አስቀምጬ ግቢውን ዞርኩ፤ ተመልሼ አየሁት፤ እንደገና ተነሣሁ።

አሥረኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነበር። ደሃና ወረዳ ውስጥ ባለችው መንደራችን ገብሱ ሊደርስ ነው። አንድ ሰርግ ላይ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ሲፎክር፣ አያሌው የሚባል የወንዝ ማዶ ሰው ዐይኑን ከመሣሪያው መንቀል አቃተው። ታላቅ ወንድሙ ከዓመታት በፊት በሰቆጣ መንገድ ላይ ተገድሎ ጠመንጃው ተወስዶ ነበር።

«ይሄ የወንድሜ ነው!» አለ።

አባቴን ገዳይ ማለቱ ነበር። ደም ሊፋሰሱ ሲሉ ሽማግሌዎች ገቡና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ወይራው ሥር አስቀመጧቸው።

«ሟቹ አባቴ ከጣሊያን ወታደር የማረከው ነው፤ ከእሱ ወረስኩት» አለ አባቴ።

«ወንድሜ የገዛው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተሠርቶ የገባ መሣሪያ ነው» አለ አያሌው።

የፈረንጅ ፊደል የማነበው እኔ ስለነበርኩ ጠሩኝ። ብረቱ ላይ ዘውድ አለ፤ አጠገቡ «ተርኒ» የሚል ቃል፤ ከዚያ ዓመት።

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት» አልኩ።

ጣሊያን በሠላሳ ሦስት መውጣቱን የማያውቅ አልነበረም።

«ከወጣ በኋላ የተሠራውን ጠመንጃ እንዴት አድርጎ ማረከው?» አሉ አንደኛው ቄስ። አባቴ ወደ እኔ አላየም። ነገሩ ለእሑድ ተቀጠረ።

መቀመጥ እምቢ አለኝ። እናቴ ያቀረበችልኝን ቆሎ ሳልቀምስ መለስኩላት። በማግስቱ፣ ቢያንስ ይህችን ተርኒ ላግኛት ብዬ በጠዋት ወደተማርኩባት ከተማ ወደ አምደወርቅ ተነሣሁ። ጤዛ ያዘለው ገብስ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አረጠበው፤ ይዤው የወጣሁትን በሶ መብላቱም ትዝ አላለኝ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ካርታ ፊት ቆሜ ስፈልግ፣ ጣሊያን ውስጥ፣ ከሮማ ብዙም ሳትርቅ አገኘኋት። ግን ዓመቱስ? ተስፋ ቆርጬ ሳለ ዐይኔ ወደ ካርታው ግርጌ ወረደ። የታተመበት ዓመት ተጽፏል፤ እኛ ገና ያልደረስንበት ዓመት! የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠመንጃውንም የቆጠረለት ፈረንጅ ነው። በእኛ ሠላሳ ወይም ሠላሳ አንድ ይሆናል፤ ጣሊያን ገና አገራችን ውስጥ ሳለ።

እሑድ ይህንኑ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገርኩ። ቄሱ በጣታቸው አስልተው፣ «ልክ ናት» አሉ። አያሌው የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ቀና አደረገው። ሴቶቹ እልል አሉ።

በዚያ መሀል አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። የአያሌው እናት ናቸው።

«አንቺ ብረት ታነቢያለሽ» አሉኝ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ። «ታዲያ ልጄን ማን ገደለው?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

ለቀቁኝና በሰዉ መካከል አለፉ፤ በየወንዱ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ጠመንጃ አንድ በአንድ እያዩ።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ መሣሪያ ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ የሠራው አገር አይደለም። ለእህቴ ልጅ አገሩንም ዓመቱንም ጻፍኩለት። ከሥሩም፣ «ሻጩ ከማን እጅ ነው ያገኘው?» ብዬ ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም። ይኸው፣ ስልኬን አነሣለሁ፤ አስቀምጣለሁ።