የቲቸር ውባለም ዓይኖች

በቀደም ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ፣ ቅመም ከሚፈጭ ወፍጮ ቤት የቅርንፉድ ሽታ መጣ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ቦሌ ቡልቡላ፣ ያደግሁበት ኮንዶሚኒየም፣ የቲቸር ውባለም ሳሎን ውስጥ ወስዶ አስቀምጦኝ ነበር።

ቲቸር ውባለም የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከታናሽ እህታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት የሕንፃውን ልጆች ሰብስበው ያስጠኑናል። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡትን አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች ያስተማሩን ዓይናችንን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ቅርንፉድ አፍንጫችን ሥር እየያዙ ነው። የመጀመሪያዋ የማሽተቻዋ ነርቭ ናት ይሉናል። ከዚያ ጣታቸውን በዓይናችን እንከተላለን፣ ቅንድባችንን እናነሳለን፣ ምላስ እናወጣለን። እርስ በርስ ምላስ ስናወጣ ሳሎኑ በሳቅ ይሞላል፤ ከሁላችን በላይ የሚስቁት ግን እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ፣ እስኪ ልባችሁን አቁሙ አሉን። ትንፋሻችንን ውጠን ታገልን። አልቆመም። ሳናዝዛቸው የሚሠሩ ነርቮች እንዳሉ ያን ቀን ነገሩን፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስሮጡ፣ ስናርፍ መልሰው የሚያረጋጉ፣ ተኝተን እንኳ ምግባችንን የሚያስፈጩ።

ሕመሙ በአነጋገራቸው ጀመረ። ቃላት አፋቸው ውስጥ ይተሳሰሩ ጀመር፤ እኛ ልጆቹ ሊያስቁን መስሎን ነበር። ቆይቶ ውሃ ያንቃቸው ጀመር። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ወሰደችላቸው፤ ታች ያሉት ጎረቤታችን እጃቸውን ጭነው ጸለዩላቸው፤ እትዬ አስካለ ጸበል አመጡ። ቲቸር ሁሉንም እያመሰገኑ ተቀበሉ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ሐኪሙ፣ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ እንደሆነና የሚያቆመው መድኃኒት እንደሌለ ነገራቸው። እትዬ አስካለ ይህን ለእናቴ የነገሯት ደረጃው ላይ ነው። እናቴ የያዙትን ፌስታል ተቀብላቸው አብራቸው ወጣች።

አንድ ቀን እናቴ የሠራችውን አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። እትዬ አስካለ በማንኪያ ሲሰጧቸው ትን አላቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። እህታቸው ጀርባቸውን እየመቱ እመቤቴን ይጠራሉ። እኔ ፔርሙሱን አቅፌ ቆሜያለሁ። መዋጥን የሚያዙት የትኞቹ ነርቮች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ነው። ምን ይሠራልኛል?

ትንፋሻቸው ሲመለስ በላብ ተጠምቀው ነበር። እጄን ይዘው ደረታቸው ላይ አኖሩት። ልባቸው ይጋልባል።

«ይኸው…» አሉ፤ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ። «ይሄ አልሰነፈም። የከዱኝ… የማዛቸው ናቸው።»

ከእሳቸው አፍ በደንብ የሰማሁት የመጨረሻ ንግግር ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ፤ ምግብም በቱቦ ሆነ። እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ አልታዘዝ አለ። ዓይናቸው ብቻ ቀረ። ወደ ላይ ካዩ አዎ ነው፤ ወደ ታች ካዩ አይደለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ የሕንፃውን ወሬ አወራላቸዋለሁ፣ ትራሳቸውን አስተካክላለሁ። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ትንሽ ጋደም ይላሉ።

በመጨረሻ ያየኋቸው ዕለት ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ተተክሎ ነበር። እኔን ያያሉ፣ መስኮቱን ያያሉ፣ እንደገና እኔን።

«ልክፈተው?» አልኳቸው። ወደ ታች አዩ።

መጋረጃውን ልዝጋ? ፀሐዩ ከበደዎት? በረደዎት? ሰው ልጥራ? ሁሉንም ወደ ታች። እትዬ አስካለም ተነሥተው መጥተው ጠየቁ፤ የምናውቀውን ሁሉ ጠየቅን። ቲቸር ታገሡን፤ ሰነፍ ተማሪ ሰሌዳ ላይ አቁመው እንደሚታገሡት ታገሡን።

«ቲቸር፣ አልገባኝም» አልኩ በመጨረሻ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከደኑ። በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ቤቱን አሁን ሌሎች ተከራይተውታል። እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆም ብዬ፣ የእሳቸው መስኮት ወደሚያይበት አቅጣጫ አያለሁ። ያላለቀ ሕንፃ አለ፤ የተሰጣ ልብስ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። የትኛውን ሊያሳዩኝ እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም።