የሁለት ሜትር ጉዳይ

እትዬ መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቷ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ ኖራለች። በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ለሚያስኬድ ሰው የመስኮት ብርሃን ማለት ሁለተኛ ዓይን ነው። "በአምፖል የተሰፋ ኮት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሰፊውን ያሳፍራል" ትላለች።

ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ግቢ የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ነው። ክፉ ጎረቤት አልነበረም። የልጁን የሠርግ ልብስ የሰፋችለት እሷ ናት፤ ባሏ ታሞ በተኛ ጊዜም ሐኪም ቤት ያመላለሰው እሱ ነው። ታዲያ ሰውየው ከጡረታ በኋላ ፎቅ ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ፤ ሠፈሩም ውሎ ሳያድር "ጋሽ ፎቅ" አለው። የተሰጠው ፈቃድ ከወሰኑ ሁለት ሜትር ርቆ እንዲሠራ ያዛል። ግንበኞቹ ብሎኬት መደርደር ሲጀምሩ ግን እትዬ መርፌ የልብስ ሜትሯን ይዛ ወጣችና ለካችው፤ ስልሳ ሳንቲሜትር።

መጀመሪያ በደግ ሄደች።

"ጋሼ፣ ግድግዳው ተጠጋብኝ እኮ። ብርሃኔን ሊወስደው ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ያሰመረው መሐንዲሱ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?" አለና ሳቀ። "ሲያልቅ ነጭ ቀለም አስቀባልሻለሁ። እንዲያውም ብርሃን ይመልስልሻል።"

ባሏም "ተይው፣ ከጎረቤት ተካስሶ ማን ተጠቀመ?" ቢላት ሦስት ቀን ነገሩን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ብሎኬቱ የመስኮቷን ደፍ ሲያልፍ ግን የጀመረችውን ሱሪ ማሽኑ ላይ ጥላ ወደ ማዘጋጃ ቤት ገሰገሰች።

እዚያ ማመልከቻ ጻፊ አሏት፤ ጻፈች። የቤትሽን ካርታ ኮፒ አምጪ አሏት፤ አመጣች። ማኅተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አሏት፤ ጠበቀች። የግንባታ ተቆጣጣሪው የመጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ ለካ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም "ግንባታው ይቁም" ብሎ በትልቁ ጻፈበት። እትዬ መርፌ ያን ቀን እየዘፈነች ሰፋች።

ደስታዋ እስከ ቅዳሜ ነው የቆየው። ቅዳሜ ጠዋት ግንበኞቹ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ሸራ ጣሉበትና ሥራቸውን ቀጠሉ። እሁድም እንዲሁ። ለተቆጣጣሪው ደወለችለት።

"እትዬ፣ ዛሬ እኮ እሁድ ነው" አላት በደከመ ድምፅ። "ቢሮ ዝግ ነው። ብቻዬን ብመጣስ የግንበኞቹን መሰላል ይዤ ልጎትት?"

"ግድግዳው እሁድን አያውቅማ፣ ልጄ!"

ተቆጣጣሪው ሰኞ ሲመጣ ግድግዳው ከጣሪያዋ በልጦ ነበር። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ጋሽ ፎቅ ግን የተሻሻለ ፕላን አስገብቻለሁ አለ፤ ፕላኑ እስኪታይ ደግሞ ጉዳዩ "በሂደት ላይ" ሆነ። በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ምን እንደሚመስል ያወቀችው ያኔ ነው፤ ወረቀቱ ቆሞ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው በሁለተኛው ወር መጣ። ጋሽ ፎቅ በተራው ከሰሳት። በምትሰፋበት ክፍል በር ላይ፣ ደንበኞች ከዝናብ የሚጠለሉባት የቆርቆሮ ጥላ ነበረች። ጥላዋ ሰማንያ ሳንቲሜትር ወደ እግረኛ መንገድ ወጥታለች። ተቆጣጣሪው ሜትሩን ሲዘረጋ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"አላየሁም ብል በወደድኩ፣ እትዬ። ግን በጽሑፍ ቀርቧል።"

ሰባት ቀን ሰጧት። በስምንተኛው ቀን ሦስት ሰዎች መዶሻና ፒንሳ ይዘው መጡ፤ የቀዳችው ሻይ ሳይበርድ ቆርቆሮው ተነቅሎ መሬት ላይ ተነጠፈ። እትዬ መርፌ አላለቀሰችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

"የእኔ በሳምንት ከፈረሰ የእሱ ምነው ከሁለት ወር በላይ ፈጀ?"

የቡድኑ አለቃ እውነቱን ይንገራት ወይስ ይዋሻት ለማወቅ ይከብዳል፤ ብቻ እንዲህ አላት፦ "የእርስዎ በመዶሻ ይፈርሳል። የእሱ ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑ ደግሞ አንድ ነው፤ ተራ አልደረሰንም።"

ተራው ሳይደርስ ፎቁ አለቀ፤ ተከራይም ገባበት። ውሳኔው በአሥራ አንደኛው ወር በፖስታ ታሽጎ መጣ። ባሏ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበላት። ግንባታው ከፈቃድ ውጪ መሆኑ ተረጋግጧል። ነገር ግን ግድግዳው ቢፈርስ ሕንፃውን ስለሚጎዳ ባለቤቱ እንዲቀጣና ወደ እሷ የሚያዩት መስኮቶች እንዲደፈኑ ተወስኗል። የአቤቱታ አቅራቢዋ መብት በዚህ ተጠብቋል።

"ድገመው እስቲ መጨረሻውን" አለችው።

ደገመው።

"እኔ ዘንድ ያልደረሰ መብት የት ነው የጠበቁት?" አለችና በጠራራ ቀን አምፖሉን አብርታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ከጋሽ ፎቅ ጋር ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

ዓመት አልፎ አንድ ቀን ከታችኛው መንገድ አንዲት አስተማሪ መጣች። የመጣችው ለልብስ አልነበረም። "ጎረቤቴ ለመሠረት ገመድ ዘርግቷል፤ ወደ እኔ ግቢ ተጠግቷል። እንዲህ ያለውን ነገር እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው" አለቻት።

እትዬ መርፌ መቀሷን አስቀመጠች። "ገመድ ነው ያልሽኝ? ብሎኬት አልተነሣም?"

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ተቀመጪ።" ማመልከቻውን ራሷ ጻፈችላት። የካርታውን ኮፒ አስያዘቻት፤ ማኅተም የሚመታው ሰው የሚገኝበትን ሰዓት ነገረቻት፤ ለተቆጣጣሪው ደግሞ ወዲያውኑ ደወለችለት።

አስተማሪዋ በማግስቱ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ተቆጣጣሪው መጣ፤ ለካ፤ ገመዱን አስነቅሎ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ አስገባው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም፤ ጎረቤትየውም እሺ ብሏል።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው።

"እሰይ፤ ታዲያ ደስ አይልም?" አላት።

"ይላል እንጂ" አለች። ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀበት። እኔኮ የሄድኩ ቀን ግድግዳው እዚህ ነበር" ብላ በእጇ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋ አሳየችው። እጇን ቶሎ አላወረደችውም። ባሏም ተይው አላላትም።