ኤምባሲ ያልደረሱ ሽማግሌዎች

ኅዳር ሰባት ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ወዳለው የጫማ ሱቃችን መጡ። ወንድሜን ይዘው የካናዳ ኤምባሲ ሊሄዱና ይቅርታ ሊለምኑለት ነበር።

ወንድሜ ከካናዳ የተባረረው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ላይ ነው። ባለቤቱና ትንሽ ሴት ልጁ እዚያው ቀርተዋል። የተባረረ ሰው ዝም ብሎ ቪዛ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ተመልሶ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ለዚያ ደግሞ ለምን እንደተባረረና ለምን መመለስ እንደሚገባው በራሱ ቃል ጽፎ ያስረዳል። ፈቃዱን ከከለከሉት ልጁን የሚያያት በስልክ ብቻ ነው።

ማመልከቻውን በመጻፍ እንዳግዘው ከጠየቀኝ ሳምንታት አልፈዋል። ዕድሜዬን በጋዜጠኝነት ስላሳለፍኩ ቤተሰቡ ጉዳዩን ለእኔ ትቶታል። እኔም እንደ ሥራዬ ጠየቅኩት፤ መቼ፣ የት፣ ማን ነገረህ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ከአገር ውጣ የሚለው ደብዳቤ አልደረሰኝም።» ማስረጃ ግን አልነበረውም። ያላረጋገጥኩትን ስለማልጽፍ ማመልከቻው ከመጀመሪያው አንቀጽ አላለፈም።

ሽማግሌዎቹን የጠራቻቸው እናቴ ናት፤ ለእኔ ሳትነግረኝ። መርካቶ ውስጥ ባል ከሚስት፣ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል። ልጇ የተጣላው ከመንግሥት ጋር መሆኑ ለእሷ ብዙም ልዩነት አላመጣም። መሪያቸው ከአባቴ ጋር ከወሎ አብረው የመጡት ጫማ አከፋፋይ ሐጂ ናቸው፤ ከጁምዓ ሰላት በቀጥታ ነው የመጡት። ሁለተኛው አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ የሚሸጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጉራጌ ናቸው። ሦስተኛው ጆሯቸው የደከመ የሠፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቁ ጀርባ፣ ካርቶን በተደረደረበት መጋዘን ውስጥ አስቀመጥናቸው።

«ኤምባሲ ሽማግሌ አይቀበልም፣ ሐጂ» አልኩ።

«ሽማግሌ የማይቀበል ማን ነው? የገደለ እንኳን ሽማግሌ ይልካል።»

«በር ላይ ነው የሚመልሷችሁ። ማመልከቻው የሚላከው በኮምፒዩተር ነው።»

«እኔ ሁለት አይሱዙ ሽንኩርት ሳላራግፍ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሼ። «ኮምፒዩተርም ቢሆን እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ኮምፒዩተር እግር የለውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው ምኑን ይዞ ይለምነዋል?»

«ምን አለ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«አያስገቧችሁም ይላል!» ብለው ሐጂ ጆሯቸው ላይ ጮኹ።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት እንሂድ።»

ሐጂ ሳይስቁ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እሺ፣ በምንም ይላክ። ምን ብለን እንደምንለምን ግን እንወቅ። ጥፋትህ ምንድን ነው?»

«ደብዳቤው አልደረሰኝም፣ ሐጂ።»

«የፖስታ ቤቱን ጥፋት አልጠየቅንህም። የአንተን ነው።»

ወንድሜ አጠገቡ ያለውን የካርቶን ክዳን ያስተካክል ጀመር። በሽምግልና ደንብ በዳይ ጥፋቱን በራሱ አፍ ካልተናገረ ሽማግሌ ወደ ተበዳይ አይሄድም። ሐጂ ትንሽ ጠበቁና ተነሡ። «እንግዲያው ምንም አላጠፋህም። ላላጠፋ ሰው ደግሞ ይቅርታ አይለመንም» አሉ። ጋሼም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ተናገር እንጂ! እንዲህ እንደቆሙ ልትሸኛቸው ነው?» አለችው።

«ይቀመጡ፣ ሐጂ» አለ ወንድሜ።

ከዚያ እውነቱን ነገራቸው፤ ደብዳቤው ደርሶታል። ፈርሞ ነው የተቀበለው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአገር ውጣ ይላል፤ ሚስቱ ያኔ ልትወልድ ተቃርባ ነበር።

«ልጄን ሳላይ አልሄድም አልኩ። ተወለደች፤ እስክትድህ አልኩ። ዳኸች፤ እስክትራመድ አልኩ። ቤት ቀየርኩ። ስም የማይጠይቁበት መኪና እጥበት ገባሁ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ሕጉን አላወቅኩም አልልም። አውቄ ነው የቀረሁት።» የጓደኛው መኪና ለፍተሻ ሲቆም ተይዞ ታጅቦ ተላከ። «ስመለስ ለእማዬ ደብዳቤው አልደረሰኝም ብያታለሁ። ከዚያ ወዲያ ቃሌን መቀየር አፈርኩ።»

«ምን አለ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ልጁን ሳያይ መሄድ አቃተው!»

«እሱም ጥፋት ነው?»

«ሰው ቤት ገብተህ ውጣ ስትባል መውጣት ነው!» አሉ ሐጂ።

ልብስ ሰፊው አሰብ አደረጉ። «ልክ ነው። ልጅቷስ?»

«ለእሷ አይደል እንዴ የመጣነው!»

ጋሼ ደግሞ ካሳውን አነሡ። «የመለሱበትን ትኬት ማን ከፈለ?»

«እነሱ።»

«ይመለስላቸዋ!»

መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው አልኳቸው፤ መንግሥት ለማባረር ያወጣውን ወጪ አመልካቹ ይተካል።

«አየህ?» አሉ ጋሼ። «ሰዎቹ ደንብ ያውቃሉ።»

ማመልከቻውን በዚያው ቀን ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው፤ ልመና የለበትም። ወንድሜ የተናገረውን በተናገረበት ቅደም ተከተል አስቀመጥኩ፤ የልጅቷን የልደት ማስረጃና የሚስቱን ደብዳቤ አያያዝን። ሽማግሌዎቹም የራሳቸውን ምስክርነት ካላያያዛችሁ ብለው አስቸገሩ፤ ጥፋቱን በጆሯችን ሰምተናል፣ ከመጣ ጀምሮ የእናቱን ሱቅ ከፍቶ ሲዘጋ እናያለን የሚል። ሐጂ በዐረብኛ ፊደል ፈረሙ። ሲኒማ ራስ አካባቢ ባለ ትርጉም ቤት አስተርጉመን ሁሉንም ላክን።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ጋሼ በአትክልት ተራ ሳልፍ ባዩኝ ቁጥር ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ሆነው «ኮምፒዩተሩ ታረቀ?» እያሉ ይጮኹ ነበር። ገና ነው ስላቸው «ግትር ነው!» ይላሉ። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ሐጂ ዘንድ ዱዓ ታስደርግ ነበር። ወንድሜ ሱቅ ይውላል፣ ማታ ከልጁ ጋር በስልክ ያወራል። አንድ ቀን ልጅቷ «አንተ የምትኖረው ስልክ ውስጥ ነው?» ብላ እንደጠየቀችው ነገረኝና ካርቶን ወደ መደርደሩ ተመለሰ።

መልሱ የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት ነው። ወንድሜ ለአንድ ደንበኛ ጫማ እያስለካ ነበር። መልእክቱን ሳይከፍት ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። «አጣርተህ ንገረኝ» አለ። ሁለቴ አነበብኩት። ተመልሶ እንዲገባ ተፈቅዶለታል። ስነግረው ከተንበረከከበት አልተነሣም። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ደንበኛው ምን እንደሆነ ሳያውቅ በአንድ እግሩ ጫማ ቆሞ አጨበጨበ። ቀጥሎ «አርባ ሁለት ቁጥር የለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ፈቃዱን የሰጠውን ሰው አላውቀውም። የሽማግሌዎቹን ምስክርነት ያንብበው አያንብበው ማረጋገጥ አልቻልኩም። ቢሆንም አመሰግነዋለሁ። ስለ ሦስቱ ግን የማውቀውን እጽፋለሁ። ወንድሜ ደብዳቤውን ለመቀበሉ የፈረመበት ወረቀት ካናዳ ባለው ፋይሉ ውስጥ ነበር፤ አልደረሰኝም ብሎ ቢጽፍ ከፊርማው ጋር ይጋጭ ነበር። እኔ ለሳምንታት ጠይቄው ያልነገረኝን ለእነሱ የነገራቸው ሊማልዱለት እንጂ ሊያጣሩት ስላልመጡ ይመስለኛል። ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ለመጓጓዣ እንኳን ከእኛ አልተቀበሉም። በሕይወቴ ካየኋቸው ደግነቶች ይህን የሚያህል ብዙ አላስታውስም። ወንድሜ ቪዛውም ወጥቶለት ከመሄዱ በፊት የሦስቱንም ጉልበት ሳመ። ልብስ ሰፊው ለልጅቷ የሰፉትን ቀሚስ ሰጡት፤ ልኳን ስለማያውቁ ሰፋ አድርገውታል።

መስከረም ሃያ ሦስት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የወንድሜ ሚስት ደወለች። ከአየር ማረፊያው መውጣታቸውን፣ መኪናውን እሷ እየነዳች መሆኑን፣ እሱ ከኋላ ከልጅቷ ጎን መቀመጡን ነገረችኝ።