ፊልሙ የቀየራት እንጀራ እናት

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ሞታ አባቴ ጫልቱን ባገባ ዓመት፣ የጎጆ ከተማ ብርድ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ እሳት ዳር ተሰብስበን ኦቦ ዱጋሳን እናዳምጥ ነበር። ኦቦ ዱጋሳ የአባቴ አጎት ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ ዓለም ከተማ ለአንድ ግሪክ ነጋዴ ሠርተው ስለነበር ተረታቸው ሁሉ የግሪክ ነው። አንድ ማታ፣ ኩራዙ እየጨሰ ዓይናችንን ሲያቃጥለን፣ የሰማዩ ንጉሥ ከሌላ ሴት ስለወለደው ጉልበተኛ ልጅ ነገሩን። እንጀራ እናቱ ከመጥላቷ የተነሳ፣ ገና ጨቅላ ሳለ ሁለት እባብ መኝታው ውስጥ ሰደደችበት አሉ።

ያኔ ዞር ብዬ ጫልቱን አየኋት። ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብሴን ሳላራግፍ አልተኛም ነበር። እሷም ታየኛለች።

አንድ ጊዜ አባቴ እኔንና ጫልቱን አምቦ ይዞን ሄደ፤ በቀበሌው አዳራሽ ፊልም ይታይ ነበር። የፈረንጅ አፍ ስለሆነ አንድ አስተማሪ ከፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ይተረጉማል። ያው ኦቦ ዱጋሳ የነገሩን ጉልበተኛ ልጅ ነው! የሰማዩ ንጉሥ ሚስት ግን አቅፋ ትስመዋለች፣ ታለቅስለታለች።

«እናቱ ናት፤ የወለደችው» አለ አስተማሪው።

«ሶባ! ውሸት ነው! እንጀራ እናቱ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው፣ ጎረቤታቸው ነበርሽ እንዴ?» አለኝ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጫልቱ አልሳቀችም።

ጎጆ ስንመለስ ለኦቦ ዱጋሳ ነገርኳቸው። ተቆጡ።

«ፈረንጅ ሲያፍር ዘመድ ይቀይራል! እንጀራ እናቱ ናት አልኩሽ፣ እንጀራ እናቱ ናት!»

ጫልቱ ፍሙን እየቆሰቆሰች ድንች ታወጣ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ኦቦ፣ እንድትወደው የግድ ትውለደው? ሳትወልደው ብትወደው ፊልሙ ይበላሽ ነበር?» አለች።

ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኔ በልጅ ልቤ እንኳ ጥያቄው ለእሳቸው እንዳልሆነ ገባኝ። እስከዚያች ማታ በስሟ ነበር የምጠራት።

«እማዬ፣ ድንቹን ላጪልኝ፤ ይፋጃል» አልኳት።

ልጣ፣ እፍ እፍ ብላ ሰጠችኝ።

አሁን እኔም ወልጃለሁ። ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር ልቤ ይሸበራል፤ ስትተኛም ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። እኔ የምሳሳው ለወለድኳት ነው። እማዬ ግን ስትሳሳ የነበረው እየፈራች ለምትሸሻት ልጅ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ግሪኮቹም አላወቋት፣ ፊልሙም አላወቃት።