አጭር መጻፍ የተከለከለው ገጣሚ

ሰሞኑን የካፌያችን ወሬ ስለ ገጣሚው ነው። «ዘጠኝ ሺህ መስመሩን ሦስት መቶ አድርጎ ቁጭ! አለቃው በደስታ አቀፈው፣ እጁም ዳነለት፣ አሁን በጊዜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል» ይላሉ። እኔ ወሬ ከነአረፋው የምጠጣ ሰው ነኝ፤ ይኼኛው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሰውየውን አውቀዋለኋ!

ገጣሚ የምንለው ስንኝ ስለሚቋጥር አይደለም። የሚሠራው ሶፍትዌር ቤት ነው። ሌሎቹ የፕሮግራሙን ቁርጥራጭ ይጽፋሉ፣ እሱ ይገጣጥማል። መገጣጠሚያው መሣሪያ ደግሞ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም የሚያነብበት የዘጠኝ ሺህ መስመር የትእዛዝ ፋይል አለው። ፋይሉ ክፉ አመል አለበት፦ የከፈቱትን ሁሉ በስሙ ጠርተው ካልዘጉለት አይሰማም። «ስም» ብሎ መክፈት፣ አንዲት ቃል መጻፍ፣ «ስም አበቃ» ብሎ መዝጋት። በዚህ አጻጻፍ ጎረቤትህን «ደህና ዋልክ» ብለህ እስክትዘጋ ሰውየው አምሽቶ፣ ተኝቶ፣ ልጅ ድሮ ይጠብቅሃል። በዓለም ላይ አጭር እንዳይጽፍ የተከለከለ ገጣሚ እሱ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲከፍትና ሲዘጋ የቀኝ እጁ አንጓ አበጠ። ሐኪሟ «ወይ ጽሕፈቱን ቀንስ፣ ወይ ሥራውን ተው» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ከመገጣጠም ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ስለዚህ ስምንት ወር አምጦ፣ መሣሪያው አጭር አጻጻፍም እንዲያነብ አደረገ። በአጭሩ አጻጻፍ መዝጋት የሚባል ነገር የለም። የበታች የሆነው ነገር ከበላዩ ሁለት ባዶ ቦታ ገባ ብሎ ይጻፋል፤ በቃ። ባዶ ቦታው ራሱ ትእዛዝ ነው።

ለሚስቱ አሳያት።

«እንዴ፣ የታለ የተጻፈው?»

«ዋናው ያልተጻፈው ነው። ባዶው ይናገራል።»

«ታዲያ እኔ ዝም ስል ለምን አይገባህም?»

ማክሰኞ ጠዋት ፋይሉን ለአለቃው ላከ፤ ከሰዓት ሁሉም ባለበት ሊሞከር ነው። አለቃው ደግ ሰው ናቸው፣ ግን የተንጋደደ ነገር ካዩ ምሳ አይበላላቸውም፤ እርሳሶቻቸው እንኳ በቁመት ተሰልፈው ነው የሚያድሩት። ሙከራው ሲጀመር ፈገግ አሉ።

«ጎበዝ! መስመሮችህ ግን አንዱ ገባ አንዱ ወጣ ብሎ የሰካራም ሰልፍ መስሎ ነበር። ቁጭ ብዬ ቀጥ አደረግኩልህ።»

ገጣሚው ብድግ አለ። «ጋሼ… ባዶ ቦታውን አጠፉት?»

«ባዶ አይደል እንዴ! ምን አጎደልኩብህ?»

መሣሪያው ተነሳ። የበላይና የበታች የሌለበት ፋይል ሲያገኝ ጣሪያውን ከመሠረቱ አደባልቆ፣ ግድግዳ ሙሉ ቀይ ስህተት ተፋ። ገጣሚው «ዋናው ቅጂ አለኝ፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» ብሎ ተንደረደረ።

«ተው ልጄ» አሉ አለቃው። «ባዶ ነገር በተነካ ቁጥር የሚፈርስ ቤት ውስጥ አልገባም። እኔ ዛሬ አስተካከልኩት፤ ነገ ሌላው ቢያስተካክለውስ?»

የሚያስተካክል ሰው መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

ትናንት ካፌ መጣ። ስኒውን በግራ እጁ ያዘ። ወሬውን አንድ በአንድ አቀረብኩለት።

«አለቃህ አቀፉህ አሉ?»

«አልነኩኝም። የነኩት ባዶ ቦታዬን ነው።»

«እጅህስ? ድኗል ተብሏል።»

«አልዳነም። በግራዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤትህ…»

«ማን? እኔ?»

«እሺ፣ ፋይሉስ? ሦስት መቶ መስመር ሆነ ይላሉ።»

«ከላዩ ላይ ማሳሰቢያ አስገባ ተባልኩ። ‹ማሳሰቢያ› ብዬ ከፈትኩ፣ ‹አጭር አጻጻፍ ክልክል ነው› ብዬ ጻፍኩ፣ ‹ማሳሰቢያ አበቃ› ብዬ ዘጋሁ። ዘጠኝ ሺህ ከሦስት ሆኗል።»