ከኮርቻው አልወርድም

ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ልጄ ሞተር ሳይክሉን ማንሻ ጠረጴዛው ላይ አስሮ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ያ ሁሉ ብረት ቀስ እያለ እስከ ወገቡ ከፍ ይላል። የተቃጠለው ዘይት ሽታ ግን ወደ መካ ይመልሰኛል።

እዚያ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ ልጅ ሳለሁ ማንሻችን የእንጨት ሳጥን ነበር። አባቴ ከፊት፣ እኔና ወንድሜ ከኋላ ሆነን የሱን ሞተር እዚያ ላይ እናወጣው ነበር። አንድ ቀን ተጠግኖ ሲወርድ አባቴ ወንድሜን፣ "ያላ፣ ሰፈሩን ላዙርህ" አለው። እኔን ደግሞ፣ "አንቺ ግቢና ታጠቢ" አለኝ። ዘልዬ ኮርቻው ላይ ወጣሁ።

"ውረጂ! ሴት ልጅ ሞተር ላይ? ሰው ምን ይላል?"

"ሳነሳው ሰው የት ነበር? ወላሂ አልወርድም!"

አያቴ ከበሩ ብቅ አለች። "ስታነሳልህ ሴት መሆኗን አላየህም? ወይ አዙራት፣ ወይ ነገ ብቻህን ተሸከመው!"

አባቴ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ገባ። ያን ቀን ማንም አልዞረም፤ እኔ ግን እስኪመሽ ከኮርቻው አልወረድኩም።

ዛሬም ልጄ ሥራውን ጨርሶ ሞተሩን አውርዶ ሊዞርበት ሲነሳ፣ ማሰሪያውን ስታጠብቅለት የዋለችውን ሴት ልጁን "በይ ግቢ" አላት።

"ኮርቻው ላይ ውጪ" አልኳት።

"እማ፣ ኸላስ፣ በቃ!" አለኝ።

"ኸላስ የሚባለው ይዘሃት ስትዞር ነው።"